የዘጠኝ ሰዓቱ ሁከት

የሰው ልጅ፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ከአምስቱ ሕዋሳቱ መካከል አብልጦ የሚመካው በዐይኑ ነው፤ አብልጦ የሚበደለው ግን በጆሮው ነው፤ ዐይን ያላየውን «አላየሁም» ብሎ ሲያምን፥ ጆሮ ግን ያልሰማውን ሁሉ ከቶ እንዳልተነገረ ይቈጥረዋልና። ሩቁን መናፈቅ፥ ኅቡኡን መመርመር፥ ልዑሉን ማዳመጥ ለአዳም ልጅ በባሕርዩ የተሰጠው ጸጋ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ለሩቁ ጆሮውን ያዘነበለ ሰው የቅርቡ ድምፅ ያውከዋል፥ ሲያውከው ይሰለቸዋል፥ በሰለቸውም ጊዜ ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም የሚያሰኘውም ምን ሊለው እንደ መጣ ሳይጠይቀው ነው። አበው «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ብለው ስለ ዐይን ተናግረዋል፤ ስለ ጆሮ ደግሞ አንድ ቃል ቢያክሉልን ምን ነበረበት እያልሁ እኔ እስከ ዛሬ እቈጫለሁ። ቢያክሉልን ኖሮ የዶክተር አስካለ ልሳነወርቅ ታሪክ ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ለማንኛውም እንደ ሰማሁት እተርከዋለሁ።

በሰሜኑ ደጋ፥ ዙሪያውን በተራሮች እንደ ቅጥር የታጠረ፥ ስሙንም ከሚበቅልበት ቍጥቋጦ የወረሰ፥ ቀጨሞ ሜዳ የሚባል ረባዳ አለ። በዚያ ረባዳ መካከል ወርዱ ሠላሳ ሜትር የሆነ፥ ነጭና ክብ፥ እንደ ትልቅ ሰፌድ ወደ ሰማይ የተዘረጋ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ተተከለ። ይህ መሣሪያ በመነጽር እንደሚያዩት ቴሌስኮፖች ብርሃንን የሚያይ አይደለም፤ ከዋክብትና ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ጉባኤዎች ከጥንተ ዓለም ጀምሮ የሚልኩትን፥ ለዐይን የተሰወረውን የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ነው እንጂ። እናቱም ሞግዚቱም ዶክተር አስካለ ነበረች፤ የአርባ አራት ዓመት ሴት፥ በሥራዋ ጽኑዕ፥ በንግግሯ ቍጥብ፥ የመጀመሪያውን ንድፍ በወረቀት ላይ ካሰፈረች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፥ በእነዚያም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ትዳርንም ልጅንም «ቈዩኝ» እያለች ያሳለፈች። ተከላው ተፈጽሞ፥ የቀረው መሣሪያውን ማስተካከልና ለሥራ ማብቃት ብቻ በሆነበት በዚያ ዓመት፥ የምርቃቱ ቀን ለግንቦት ሃያ አራት ተቈርጦ ነበር።

ከጠፈር ጥግ የሚመጣው ድምፅ ግን እጅግ ረቂቅ፥ እጅግም ደካማ ነው፤ በአቅራቢያው አንዲት ተንቀሳቃሽ ስልክ ብትከፈት፥ በሹክሹክታ መካከል ጥሩምባ እንደ መንፋት ይሆንበታል። ስለዚህ አስካለ መጋቢት ዐሥር ቀን መሐንዲሱን ከድርን፥ ወጥ ሠሪዋን፥ ዘበኞቹን፥ በጠቅላላው ዐሥራ አንዱን የካምፑን ሰው ከአንድ ወይራ ሥር ሰብስባ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀጨሞ ሜዳ ስልክ የያዘ ሁሉ ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከእሷም ፊት እንዲርቅ ዐዋጅ ነገረች። ሁሉም እየማሉ ስልካቸውን በብረት ሣጥን አኖሩ፤ ሣጥኑም ታሽጎ ሁለት ሰዓት በመኪና ወደሚያስኬደው ከተማ ወረደ። የራሷንም አብራ ላከችው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወደ ከተማ ስትወርድ ብቻ ልትከፍተው። አዛውንቱ ዘበኛ ጋሽ ወንድይፍራውም ስልካቸውን ከማንም አስቀድመው በሣጥኑ ውስጥ አኑረው፥ «የእኔ የሆነ ስልክ ከዚህ ወዲያ በእጄ ቢገኝ እግሬን ይስበረኝ» ብለው ማሉ። መሐላቸው እውነት ነበር፤ ችግሩም ከዚሁ ጀመረ።

ምክንያቱም ጋሽ ወንድይፍራው ዘንድ ሌላ ስልክ ነበረ፥ የእሳቸውም አልነበረም። ባለቤቱ የአስካለ አባት አቶ ልሳነወርቅ ነበሩ። እኒህ ሰው በጕልምስናቸው በመንገድ ሥራ ካምፖች የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሆነ ጊዜ፥ በበረሃና በሸለቆ የተበተኑትን ካምፖች አንድ በአንድ እየጠሩ፥ ደህና ናችሁ ወይ፥ ምን ጐደለ፥ ማን ታመመ እያሉ ይጠይቁ ነበር። እናቷ በልጅነቷ የሞተችባት አስካለ ያደገችው ከዚያ የሬዲዮ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ነው፤ ማዳመጥን የተማረችው በዚያ ነው፥ የመስመሩንም ሥርዐት እንደ ፊደል የቈጠረችው በዚያ ነው። ሥርዐቱም፥ መስመሩን የያዘ ሰው እስኪጨርስ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፥ አያቋርጥም፥ መስመሩንም ትቶ አይሄድም የሚል ነበር። አሁን አቶ ልሳነወርቅ ልባቸው ደክሞ፥ ቡሬ ከተማ ከወንድሟ ከዘርአብሩክ ቤት ተኝተዋል። አስካለም መሣሪያው ሥራ በጀመረ ማግስት መጥታ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋቸው አጠገብ ሳትነሣ እንደምትቀመጥ ቃል ሰጥታቸው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ ምኞቶቿ፥ መሣሪያውን ማስጀመርና አባቷን በሕይወት መድረስ፥ በአንድ ገመድ ታሰሩ፤ አንዱ ሲጓተት ሌላውም ይጓተት ነበር።

በጥር ወር፥ ገና ዐዋጁ ሳይታወጅ፥ አቶ ልሳነወርቅ ሕመማቸውን ታግለው የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ መጡ። በከዘራቸው ተደግፈው ያንን ነጭ ሰፌድ ሽቅብ ሲያዩ ቈይተው፥ «ይህ ሁሉ ጆሮ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አዎን ስትላቸው ሣቁ። ሊሄዱ ሲሉ ግን ጋሽ ወንድይፍራውን ለብቻቸው ጠርተው አንዲት አሮጌ ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጧቸው። ልጃቸው ሥራ ስትይዝ ስልኳም ልቧም ዝግ መሆኑን፥ ስለዚህ ስለ ደህንነቷ በየቀኑ በዚያች ስልክ ጋሽ ወንድይፍራውን እየጠሩ እንደሚጠይቁ፥ የታመመ አባት አለብኝ ብላ ሥራዋን እንዳትፈታ ግን ይህን ፈጽሞ እንዳይነግሯት ተናገሩ። በመጨረሻም ያቺን የሰው አጥንት የምትሰብረውን ቃል አከሉበት፤ አደራ አሉ። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን የሚያውቅ ሰው፥ ጋሽ ወንድይፍራው ስልኪቱን በብረቱ ሣጥን ለምን እንዳላኖሯት አይጠይቅም፤ የሰውን አደራ በሌላ ሰው ሣጥን ማኖር ለእሳቸው ከመስረቅ አያንስም ነበር። ከዋክብትን የሚሰማ ጆሮ ለአንድ ሽማግሌ ሹክሹክታ ደንታም የለው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ረባዳው ኔትወርክ የሚባል አያውቅም። ነገር ግን በምሥራቁ ገደል ወገብ ላይ አንድ የቋጥኝ ደርብ አለ፤ እዚያ የወጣ ሰው ከከተማው የስልክ ምሰሶ ጭል የምትል ሞገድ ያገኛል። ጋሽ ወንድይፍራው ተራቸው ሲያበቃ፥ ከብት የሚፈልጉ መስለው ወደዚያ ይወጡና ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ይከፍታሉ፤ አቶ ልሳነወርቅም ከአልጋቸው ሆነው እንደ ጥንቱ በሰዓታቸው ይጠራሉ። በላች ወይ፥ ተኛች ወይ፥ መሣሪያው ተናገረ ወይ ይላሉ፤ ሦስት ደቂቃ፥ ቢበዛ አምስት ነው። ስልክ ግን የደንቈሮ ጠባይ አለው፤ የሚያናግረው ምሰሶ በራቀው ቍጥር አብዝቶ ይጮኻል። ያቺ የሽማግሌ ሹክሹክታ በመሣሪያው ጆሮ ውስጥ የምትገባው በነጐድጓድ ድምፅ ነበር።

አስካለ መሣሪያው ማዳመጥ በጀመረበት ቀን፥ መጋቢት ዐሥራ ሰባት፥ አየችው። በመዝገቡ መስኮት፥ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ፥ እንደ ጸጥተኛ ውሃ ተዘርግቶ የነበረው መስመር በዘጠኝ ሰዓት ድንገት ተነሥቶ፥ አራት ደቂቃ ሲናጥ ቈይቶ ተኛ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተነሣ፥ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ኮከብ አለመሆኑን ወዲያው ዐወቀች፤ ከዋክብት በየዕለቱ አራት ደቂቃ እየቀደሙ ይመጣሉ እንጂ በሰው ሰዓት አይገዙምና። ሰፌዱን ወደ ሰሜን ብታዞረው፥ ወደ ደቡብም ብታዞረው ሁከቱ አልቀረም፤ በየትም ዞሮ የሚሰማ ድምፅ ከራሱ ከመሣሪያው ሆድ ቢሆን ነው ብላ ፈረደች። ደግሞም በዘጠኝ ሰዓት ከድር አንዱን ጄኔሬተር አጥፍቶ ሌላውን ያስነሣል፤ ይህም ፍርዷን አጸናላት። የዘበኞችም ተራ ከዚያ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ መለወጡን ልብ አላለችም፤ ሰው ምሎላታል፥ የማለ ሰው አይጠረጠርም። ወይ አለመጠርጠር! ደግነት ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ቀና ብሎ ሰውን ከማየት መስነፍ ነው፥ እሷም በዚህ ብቻ ሰነፈች። ከዚያ ወዲያ ሁከቱን ከመዝገቡ ቈርጦ የሚጥል ሥርዐት ለኮምፒውተሩ ሠራችለት፤ በእጅ በምትይዘው ደብተርም በየቀኑ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ርዝመቱን እየጻፈች በመጨረሻ «ተወግዷል» ትል ነበር።

በሚያዝያ መጀመሪያ መቀበያውን ከነማቀዝቀዣው አወረደችው። ዐሥር ቀን ሙሉ እሷና ከድር እያንዳንዱን ሽቦ ፈትተው፥ እያንዳንዱን ብሎን አጥበው መልሰው ገጠሙት፤ በተገጠመም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁከቱ ከች አለ። ፋሲካ በዚህ መካከል አለፈ። ለፋሲካ ቡሬ ልትወርድ አስባ ነበር፥ አልሆነላትም፤ ከስቅለት በፊት በነበረው ቅዳሜ ከከተማው ደውላ ስትነግራቸው፥ አቶ ልሳነወርቅ ደህና መሆናቸውን፥ ጠላውም በጉም ደህና መሆኑን፥ ሥራዋን እንድትጨርስ ነገሯት። ድምፃቸው መቅጠኑን ሰምታለች፥ አልሰማሁም አትልም፤ ግን መስመሩ ነው ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ቅዳሜዎች ወደ ከተማም አልወረደችም።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ብዕሬ ወደምትፈራው ቀን ደረሰች። ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን ጋሽ ወንድይፍራው በቋጥኙ ላይ ስልኩን ሲከፍቱ አቶ ልሳነወርቅ በላች ወይ ብለው አልጠየቁም። በቀጭን ድምፅ፥ በየቃሉ እያረፉ፥ ዛሬ ድምፅዋን ልስማው፥ ይጥሩልኝ አሉ። ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ቢወርዱ መስመሩን መልሰው የማያገኙት መሰላቸውና እንደ ተከፈተ በመሐረቡ ላይ አስቀምጠው፥ ያን ገደል በስድሳ ሦስት ዓመት ጕልበት ቍልቍል ሮጡት። አስካለ መዝገቡ ባለበት ጠባብ ክፍል፥ በሩን ከውስጥ ቈልፋ፥ ልቧ በደስታ እየመታ ቁማ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ በአምስት ደቂቃ እያመለጠ ያታከታት ሁከት በዚያ ቀን አላመለጠም፤ ዐሥር ደቂቃ አለፈው፥ ዐሥራ አምስት አለፈው፥ አሁንም አለ። እንዲህ ከረዘመላት ምንጩን ታገኘዋለች፤ አሁን ዐይኗን ብትነቅል ግን ሌላ አንድ ወር ሊጠፋ ነው። በሩ ተንኳኳ።

«ዶክተር፥ ለአንድ አፍታ ቢወጡልኝ።»

«ጋሽ ወንድይፍራው፥ አሁን አይሆንም። ያዝሁት እኮ! ዛሬ አልተቋረጠም።»

«የሚጠብቅዎ ሰው አለ።»

«ይጠብቅ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ። አባትዎ ናቸው ማለት በቻሉ ነበር፤ ግን ያንን ቃል የተናገሩ እንደ ሆነ መሐላቸውም አደራቸውም በአንድ አፍ ሊፈርስ ነው፥ ደግሞም ክፉ ወሬ በተዘጋ በር በኩል አይነገርም፥ እንዲህ ያለ ሥርዐት አላደጉበትም። አስካለ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ የምታየው የሚናጥ መስመር ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሰው መሆኑን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ተመለሱና ገደሉን ሽቅብ ተያያዙት። ስልኩን አንሥተው ለአቶ ልሳነወርቅ ያሉትን አሉ፥ የተባሉትንም ተባሉ፤ ያ በቦታው ይነገራል። አስካለ ከመስመሩ መውደቅ በኋላ ደብተሯን አምጥታ፥ ከሁሉ የረዘመውን የዚያን ቀን ሁከት በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መዘገበችው።

አቶ ልሳነወርቅ በማግስቱ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ጧት ዐረፉ፥ ሚያዝያ ሠላሳ ቀንም ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሽማግሎች ከዘርአብሩክ ጋር ተቀምጠው ስለ መርዶው መከሩ። ሰው በባዕድ አገር፥ ዘመድ በሌለበት፥ ብቻውን አይረዳም፤ ጎሕ ሲቀድ፥ ወንድምና ጐረቤት ዙሪያውን ከቦ፥ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ደግሞ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ሊመረቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አሁን ብትሰማ ትጥለዋለች፥ ሟቹም የተናዘዙት እንዳትጥለው ነው። ስለዚህ ዘርአብሩክ ከሽማግሎቹ ጋር መጥቶ በምርቃቱ ማግስት ሊያረዳት ተቈረጠ፤ የጕዞውንም ነገር በአባቱ ስልክ፥ በአባቱ ሰዓት፥ ከጋሽ ወንድይፍራው ጋር በየቀኑ ይነጋገር ጀመር። እንዲህ ሆነና መርዶው ሥራውን ሲጠብቅ፥ ሥራው ደግሞ በመርዶው ምክንያት እየታወከ አላልቅ አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ወሬውን ከገበያ እንደ ሰሙት አድርገው ለካምፑ ሰው ነግረው ነበርና፥ ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ወጥ ሠሪዋ ምርጡን ቍራጭ ከፊቷ ታኖራለች፥ ከድር ሲሥቅ ድንገት ያቆማል፥ ሠራተኛው ስታልፍ ከመቀመጫው ይነሣል፤ እሷም ይህን ሁሉ ስለ ምርቃቱ ክብር የተደረገ መሰላት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን፥ እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፥ ሁከቱ እንዳለ ነበረ። መቀበያው ሦስት ጊዜ ተፈትቷል፥ ጄኔሬተሩ ተለውጧል፤ አስካለ ከስታ፥ ዐይኗ ጐድጕዶ፥ ማታ ማታ ለአባቷ በልቧ ይቅርታ እየጠየቀች፥ ይህ ነገር ዛሬ ካላለቀ ምርቃቱም ይተላለፋል፥ ቡሬም ይርቃል ስትል ነበር። በዚያን ቀን ተስፋ መቍረጥ ዕውቀት ያልሰጣትን ጥበብ ሰጣት፤ ምናልባት ከውስጥ ባይሆንስ አለች። አቅጣጫ የምታመላክተውን የእጅ አንቴና ይዛ፥ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሰፌዱ ጥላ ወጥታ ዞረች። መርፌዋ በምሥራቅ በኩል ተነሣች፥ የዚያን ቀንም ቶሎ አልወደቀችም። አስካለ ሮጠች፤ ገደሉን ስትወጣ መርፌዋ እየጋለበች፥ እሷም እየተናደደች፥ ደግሞም ይህ ብቻ ከነበረማ ነገ ያልቃል፥ እሑድ አባዬ ዘንድ ነኝ እያለች በንዴቷ ውስጥ ደስ እያላት ከደርቡ ወጣች። ጋሽ ወንድይፍራው ስልክ በጆሯቸው እንደ ያዙ ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው።

ሽማግሌው አልሸሹም፥ አልካዱም፤ ቆባቸውን ብቻ አወለቁ። አስካለ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃ ልትዘጋው ስትል በትንሿ መስኮት ላይ የበራውን ቍጥር አየች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተለወጠ፥ ከራሷ ስም ቀጥሎ በቃሏ የምታውቀው ቍጥር ነበር። ንዴቷ እንደ ጉም በነነ። አሃ፥ እኒህ ሽማግሌ ሲመካከሩብኝ የከረሙት ከአባዬ ጋር ነው ለካ ብላ፥ ፊቷ ሁሉ ፈክቶ ስልኩን በጆሮዋ አደረገች።

«አባዬ?» አለች።

በወዲያ በኩል ዘርአብሩክ ነበረ። «አባዬ፥ ይሰማል?» ብላ ደገመች፥ የሬዲዮ ልጅ ናትና ትንሽ ጠብቃ ሦስተኛ ጊዜ ጠራች፤ ያን ጊዜ ሰውዬው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማችው። ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በቋጥኙ ላይ አነጠፉ፥ ለመጀመሪያም ጊዜ አንቱታውን ትተው፥ «ልጄ፥ ተቀመጪ» አሏት። ጎሕ አልቀደደም፥ ወንድም አልከበባትም፥ ሥርዐቱ ሁሉ ፈረሰ፤ በጠራራ ፀሐይ፥ በገደል አፋፍ፥ አንቴናዋን እንደ ያዘች ተረዳች።

አላለቀሰችም፤ ዕንባ ቢመጣላት ለእኔም ለመጻፍ በቀለለኝ ነበር። መቼ እንደ ሆነ ብቻ ጠየቀች። ቀኑን ሲነግሯት ዐይኗን ጨፈነች፥ ከዚያም ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ቀን ጠየቀች። ሽማግሌውም የሆነውን ሁሉ፥ ስልኩ በመሐረቡ ላይ ተከፍቶ መቅረቱን፥ በሩን ማንኳኳታቸውን፥ የመለሰችላቸውን መልስ፥ ምንም ሳይጨምሩ ምንም ሳይቀንሱ ተናዘዙ።

«ምን አለ?» አለች፤ «ሥራ ላይ ናት ሲሉት፥ አባዬ ምን አለ?»

«ሣቁ፥ ልጄ። ‹መስመሩን ይዛለች፤ እንግዲያስ ልጠብቅ› አሉ። ትንሽ ጠበቁ። እኔም ዝም አልሁ። ኋላ እስትንፋሳቸው ሲደክም ወንድምሽ መጣና ዘጋው።»

ሲመሽ የካምፑ ሰው ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ ከበባት፤ እግዜር ያጽናሽ፥ አላህ ያጽናሽ አላት፥ አብሯትም አለቀሰ። ሲበተን ግን ተነሥታ ወደ መዝገቡ ክፍል ገባች። የሚያዝያ ሃያ ስምንትን መዝገብ አወጣች፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነበር፥ የኮምፒውተሩ ሥርዐት እንዳዘዘችው ጠርጎ ቈርጦ ጥሎታል፥ የሚናጠው መስመር ቀርቶ ጥላው እንኳ የለም። ሳይንስ እንደሚባልለት ብልህ ቢሆንና የተወገደውን ቢመልስላት፥ በሞገዱ ውስጥ የነበረው ቃል ባይፈታ እንኳ አባቷ ሲጠብቁ የነበሩባትን ጊዜ ብታያት በወደደች፤ አልተቻለም። የቀራት ደብተሯ ብቻ ነበር። ገለጠችው፥ በጥሩው የእጅ ጽሕፈቷም የተጻፈውን አነበበች፦ «ሚያዝያ ሃያ ስምንት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁከት። አርባ አንድ ደቂቃ። ተወግዷል።» ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ በየቀኑ፥ በየቀኑ፥ ሦስት ደቂቃ፥ አራት ደቂቃ፥ አምስት ደቂቃ፥ ደህና ናት ወይ፥ በላች ወይ፥ ሁሉም ተወግዷል።

በማግስቱ ትሂድ ወይስ ትቈይ የሚል ክርክር ነበር፤ ወንድሟ በስልክ፥ ከድር በአካል፥ የምርቃቱን ቀን እንድታሳልፍ ለመኗት፥ እሷም አልተከራከረችም። ቀብሩ አምልጧት፥ ሰልስቱ አምልጧት፥ የምትደርስበት የቀራት አርባው ብቻ ነበር፤ ለአርባው ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት አለው። ጋሽ ወንድይፍራው ስልኪቱን በመሐረቧ ጠቅልለው፥ አደራ ሰጪው የሉም፥ እንግዲህ የእርስዎ ናት ብለው ሰጧት፥ ከሥራቸውም ሊሰናበቱ ጠየቁ። አልፈቀደችላቸውም፤ ወደ አንድ ሰው ጣቷን ልትቀስር ብትፈልግ ዞሮ የሚመጣው ወደ ራሷ ነበር። ስልኪቱን አጠፋችው፥ በኪሷም ከተተችው።

ግንቦት ሃያ አራት ቀን እንግዶች መጡ። አስካለ ጥቍር ለብሳ ቆመች፤ ከታላላቆቹ አንዱ ልብሱ ለክብሩ የተገባ መሆኑን አድንቆ ነገራት፥ እሷም አመሰገነች። በዘጠኝ ሰዓት ሰፌዱ በቀስታ ዞሮ ወደ ሰማይ ጥግ ቀና። ሁሉም ወደ መዝገቡ መስኮት አዩ፤ መስመሩ ጸጥ ያለ፥ ንጹሕ፥ አንድ ጭረት የሌለበት ነበር፥ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመኘችው ጽሞና ይህ ነበር። ከዚያም ከጸጥታው መካከል አንዲት ረቂቅ ጕብታ፥ ምድር ሳትኖር ከሩቅ ጉባኤ ከዋክብት ተነሥታ በዚያ ቀን የደረሰች፥ ቀስ እያለች ብቅ አለች። ከድር «ተሰማ» አለ፥ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። አስካለ ለምዶባት እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፥ ያጠፋቻትን ስልክ ጨበጠቻት፥ ሰዓቱንም አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ እስኪሆን ድረስ ጭብጨባው ቆሞ እንግዶቹ ወደ ግብዣው ሲሄዱ እንኳ እሷ ከመስኮቱ ፊት አልተነሣችም፥ ባዶውን መስመር ይዛ ጠበቀች። ሰማይን ለመስማት ቤቱን ዝም ያሰኘ ሰው፥ ሰማይ በተናገረለት ቀን «ሰማሁ» ብሎ የሚነግረው ያጣል።